ቢጫ ጥፍርና ያልተባረከ ምሳ

ከቡሬ የያዙኝ ከምርጫው በኋላ ነው። ክሱ ሕዝብ ማነሳሳት የሚል ነበር፤ ጽሑፌን አንብቦ የሚነሳሳ ሰው አለ ብሎ ያመነልኝ የመጀመሪያው አንባቢ መንግሥት ነው። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ እስር ቤቱ ሞልቶ ስለነበር አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱን። የበቆሎ ብናኙ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አብዛኞቹ እስረኞች የወረዳው ገበሬዎች ነበሩ።

ከበሩ አጠገብ፣ ከሽንት ባልዲው ጎን፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ የኔታ ናቸው። ያስላቸዋል፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሻቸው ስለሚያጥርም የሚያድሩት ተቀምጠው ነው። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። የእጃቸው ጥፍር ወፍሮ፣ እንደ አሮጌ ቀንድ ቢጫ ሆኗል።

እዚያ ቦታ ያስቀመጧቸው ከእስረኛው መካከል የተመረጡት የቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ ከሽንዲ የመጡ፣ ጾም የማያጎድሉ አዛውንት ገበሬ። ጥፍሩን አይተው የኔታ ትንባሆ ያጨሳሉ ብለው ፈርደዋል። በእኛ አገር የሚያጨስ ቄስ ከሚሰርቅ ቄስ ይከፋል። ሳሉ የመጣው ከጭሱ ነው፣ የእግሩ እብጠት በባዶ እግር ከመሄድ ነው ተባለ። ለእያንዳንዱ ነገር ማብራሪያ ስለተገኘለት ሰውየው ታመዋል ብሎ የሚያስብ ጠፋ። መስቀላቸውን የሚሳለም አልነበረም፤ ማዕድ የሚባርኩትም አዛውንቱ ራሳቸው ነበሩ። የኔታ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ሲሉ የጠባቂዎቹ አዛዥ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ መጀመሪያ ትንባሆውን ይተዉ ብሎ መለሳቸው።

እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ያሳክከኛል። በዚያ ላይ በቤቱ ውስጥ ስለ ትንባሆ በእርግጠኝነት መናገር የምችል ብቸኛው ሰው ነበርኩ፤ በቀን ሁለት ፓኮ አጨስ ነበር። የየኔታ ትንፋሽ በየቀኑ እያጠረ ሲሄድ አዛውንቱን ጠርቼ ቀኝ እጄን ዘረጋሁላቸው።

«አያ፣ ይመልከቱ። ትንባሆ የሚያቀልመው እነዚህን ሁለት ጣቶች ነው። የየኔታ አሥሩም ቢጫ ነው። አሁን ደግሞ እግራቸውን ይመልከቱ።»

የእግራቸውም ጥፍር እንደ እጃቸው ነበር።

«በእግሩ ጣት የሚያጨስ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ቤቱ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም። ቁጢጥ ብለው ያንን ያበጠ እግር በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ» አሉ።

የኔታ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቃሉን የሚያወጣ ትንፋሽ ግን አልነበራቸውም፤ እጃቸውን ብቻ አነሱ።

እኔ አቤቱታ እንጻፍ አልኩ። አዛውንቱ ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉኝና እስረኛውን ሰብስበው ተነጋገሩ። በማግስቱ ምሳ ከየቤተሰቡ በአገልግል ሲመጣ ተቀበልን፣ እጃችንን ታጠብን፣ ተቀመጥን። የኔታን ከባልዲው ጎን አንስተን ከማዕዱ ራስ አስቀመጥናቸው። ከዚያ ማንም እጁን አልሰደደም።

አዛዡ ሲመጣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነበር።

«አድማ ነው?»

«ምን ሲደረግ ጌታዬ» አሉ አዛውንቱ። «ብናድም ምግቡን እንቀበል ነበር? ማዕዱ እስኪባረክ እየጠበቅን ነው።»

«ታዲያ ባርኩና ብሉ።»

«ካህን ተቀምጦ እኔ ማን ነኝ? የኔታ ናቸው የሚባርኩት። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። እንጠብቃለን።»

አዛዡ የዚያው አገር ልጅ ነው። ብዙ ነገር ማዘዝ ይችል ነበር፤ ካህን ባለበት ሳይባረክ ብሉ ብሎ የጎጃም ገበሬን ማዘዝ ግን ከአፉ አልወጣም። ዞሮ ዞሮ እኔን አየኝ፤ ተንኮሉ የተማረ ሰው ነው ብሎ ገምቶ መሆን አለበት። ክብሩ የሚገባኝ አልነበርኩም። ውጪ ደግሞ ባዶ አገልግል የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ዕለቱ ገበያ ነው፤ ሲዘገይባቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁ፣ አንዱ ጠባቂ ነገራቸው። ቄሱ ማዕድ መባረክ አቅቷቸው ሐኪም ተከለከሉ የሚለው ወሬ ከአጥሩ ወደ ገበያው ሲሄድ በድምፁ ይታወቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ የኔታን ሐኪም ቤት እንድትወስድ አዛዡ ያስመጣት ፒካፕ በሩ ላይ ቆመች። አዛውንቱና እኔ የኔታን በብብታቸው ይዘን አሳፈርናቸው። ከዚያ አዛውንቱ ወደ ማዕዱ ተመልሰው፣ ካህኑ ስለሄዱ ራሳቸው ባረኩና የቀዘቀዘውን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ ትዝ አይለኝም።

የኔታ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሱ። ከፒካፑ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ። ከሳንባቸው ዙሪያ ውሃ በመርፌ ቀድተውላቸዋል። ሐኪሙ ወጣት ነው አሉ፤ ጥፍሩን፣ እግሩንና ደረቱን አይቶ ሦስቱም የአንድ በሽታ ምልክት ናቸው፣ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው፣ እኔም በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው አላቸው። «እናንተ ሦስት ቦታ የከፈላችሁትን አንድ አደረገው» ሲሉን፣ ምሥጢረ ሥላሴን ለተማሪ እንዳስረዳ መምህር ደስ ብሏቸው ነበር።

የዚያን ቀን ማዕዱን እሳቸው ባረኩ። ሆን ብለው አስረዘሙት። ድምፃቸው መጋዘኑን ሞልቶ ወደ ግቢው ወጣ፤ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ቆባቸውን አወለቁ። ሲጨርሱ አዛውንቱ እንጀራውን ቆርሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ የኔታ አፍ ዘረጉ።

በሽታው አልለቀቃቸውም። ውሃው ከተፈቱም በኋላ ተመላልሶባቸዋል፤ እየተቀዳላቸው ዓመታት አስተማሩ፣ ጥፍራቸውም ቢጫ እንደሆነ ቀረ። እኔ ስለ ትግል ብዙ አንብቤያለሁ፣ ከሚገባውም በላይ ጽፌያለሁ። ያሸነፍክበትን ቀን ንገረኝ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ግን የምነግረው እጃችንን ታጥበን ዝም ብለን የተቀመጥንበትን ያን ምሳ ነው።