የግማሽ ገጽ አንባቢዎች

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ የአንድ ጎረቤት መልቀቅ ነው። ለቡ መብራት ኃይል አጠገብ ባለው የጋራ መኖሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ መምህር ወደ ልጆቻቸው ሲሄዱ፣ መጻሕፍታቸውን ለነዋሪዎች ማኅበር ተዉ። ታሪክ፣ ግለ ታሪክ፣ ጤና፣ ሕግ፣ ስለ አፈርና ስለ ውኃ የተጻፉ ነበሩ፤ አንድም ልብ ወለድ አልነበረባቸውም። ማኅበሩ ለቅሶና ሰርግ ከሚስተናገድበት የጋራ ሕንፃ አንዲት ጠባብ ክፍል ለመጻሕፍቱ ሰጠ። መጻሕፍቱን እየመረጠ ለሌሎች የሚጠቁም ሰው ሲፈለግ በእኔ ላይ ተስማሙ። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበር። ያነበብሁትን የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ አላቅማማሁም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገልሁት ረጃጅም ሰነዶችን እየመረመርሁ ለኃላፊዎች ማጠቃለያና የውሳኔ ሐሳብ በማቅረብ ነው። ከግማሽ ገጽ ያለፈ ማጠቃለያ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህ ብኮራ አይፈረድብኝም። ለመጻሕፍቱም ይህንኑ ሥርዓት ተከተልሁ። እያንዳንዱን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ ጥንካሬውንና ድክመቱን ለይቼ በግማሽ ገጽ እጽፍና ከሽፋኑ ጀርባ እለጥፋለሁ። የመጨረሻው መስመር «የውሳኔ ሐሳብ፦ ይነበብ» ወይም «በከፊል ይነበብ» ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድንወያይም በሩ ላይ «የመጻሕፍት ሂስ» የሚል ማስታወቂያ ሰቀልሁ። ምድር ቤት የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ሂስ የሚለውን ትቼ ዳሰሳ እንድለው መክራኝ ነበር። ዳሰሳ በጨለማ ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ሥራ ነው ብዬ አልተቀበልኋትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ የዕድሜ እኩያዬ የሆነው የቀድሞ የፋብሪካ ካቦ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

«እኔ ከግለ ሂስ ልጀምር» አለ። «መጽሐፉን አላነበብሁም። መድረኩ የሚወስደውን እርምጃ እቀበላለሁ።»

በአብዮቱ ዘመን በየሥራ ቦታችን ሂስና ግለ ሂስ የተቀመጥን ሰዎች ነንና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በማግሥቱ ማስታወቂያውን «ዳሰሳ» ብዬ ለወጥሁት።

ሰው መምጣቱን አላቋረጠም። ይገባሉ፣ ሽፋኑን ይገልጣሉ፣ ግማሽ ገጹን ቆመው ያነባሉ፣ መጽሐፉን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። እየመረጡ መስሎኝ ነበር። ፉሪ ሠፈር ሱቅ ያላትን ጎረቤቴን አንድ ቀን ለምን ይዛ እንደማትሄድ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እርስዎ አንብበው ከጨረሱልን እኛን ምን ያደክመናል?» አለችኝ። የተናገረችው በምስጋና ነው። ቤቴ ገብቼ ብዙ ተቀመጥሁ። በአገልግሎት ዘመኔ ከማጠቃለያዬ ሥር ያለውን ሰነድ የገለጠ ኃላፊ ስለ መኖሩ አንድም ጊዜ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ስለ ከተማዋ ወንዞች የተጻፈው መጽሐፍ ተራ ሲደርስ አሠራሬን ለወጥሁ። መጽሐፉ ከግቢያችን በታች ስለሚወርደው ወንዝ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ከወዴት እንደሚነሣ፣ ዳርቻው ሲጠብብ ውኃው ወዴት እንደሚወጣ ይተነትናል። ይህን ምዕራፍ ከግማሽ ገጹ ሆን ብዬ አስቀረሁት። ገልጦ ያገኘው ሰው ሊነግረኝ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ የመጣ የለም። ሲስተር ዐይኗ ስለ ደከመ የማነብላት እኔ ነበርሁ፤ ገና እዚያ ምዕራፍ አልደረስንም። ንባባችን በዚያች ክፍል ብቻ ነበር፤ ሁለታችንም ብቸኞች ነንና ከቤቷ ሄዶ ማንበብ ለጎረቤት ወሬ አይመችም።

በዚህ መካከል የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ዝናብ እየመታቸው ነው፣ ክፍሏ ትሰጠን የሚል ጥያቄ ቀረበ። ጥያቄው አግባብ አልነበረውም ልል አልችልም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጨዋ ጎልማሳ ነው፣ ነዋሪው በእርግጥ የሚያነብ ከሆነ እድሩ ሌላ ቦታ እንደሚፈለግለት ነገረኝ። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ተመራ።

ጉባኤው እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ተሰበሰበ። ካቦ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ክፍሏ መነካት እንደሌለባት ተናገረ። እሱ ራሱ ስለ ወንዞች የተጻፈውን አንብቦ መጨረሱን ገልጾ ይዘቱን ይተርክ ጀመር። ማስረጃው የጠነከረ፣ አቀራረቡ ግን መሐሉ ላይ የሚጎትት መሆኑን አስረዳ። ቃል በቃል የእኔ ነበር፤ ነጠላ ሰረዜ ጋ እንኳ ትንፋሽ ወሰደ። ተጨበጨበለት። ያመነቱ የነበሩ ፊቶች ሲለዝቡ አየሁ፤ ለአፍታ ክፍሏ የተረፈች መሰለኝ።

ሊቀ መንበሩ ከልቡ ተገርሞ፣ «ካቦ፣ ስለ እኛ ሠፈር የሚለው አለ እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም። እኛን ማን አስታውሶ።»

«ጋሼ፣ እውነት አያነሣንም?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሲስተር ከፊት ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«ያነሣል» አልሁ። «ስለ እኛ ወንዝ ሙሉ ምዕራፍ አለው።»

ካቦ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያዘነልኝ ይመስል ነበር። «ታዲያ ዳይሬክተራችን፣ ግማሽ ገጹ ላይ ለምን አልጻፉትም?» አለኝ። ዳይሬክተር ሆኜ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምዕራፉ ምን እንደሚል የጠየቀ ግን አልነበረም። ሊቀ መንበሩ መጽሐፍ ወደ ቤቱ ወስዶ የሚያውቅ ካለ እጁን እንዲያወጣ በትሕትና ጠየቀ፤ የወጣ እጅ አልነበረም።

ከድምፅ አሰጣጡ በኋላ ሲስተርን እስከ በሯ ሸኘኋት። ቁልፏን በመዳበስ እየፈለገች፣ «እንግዲህ ያን ምዕራፍ በአጭሩ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ቆሜ ነገርኋት።

በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ቃለ ጉባኤ የሚከተለው ነው፦ የንባብ ክፍሉ ለእድሩ ዕቃ ማስቀመጫነት እንዲውል፣ መጻሕፍቱም ተረካቢ እስኪገኝ በካርቶን ታሽገው ከደረጃ ሥር እንዲቀመጡ፣ በሁለት ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.