በስዊድንኛ ያናገረኝ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ሶደርማልም በሚባለው ሰፈር የእጅ ሥራ ገበያ ውስጥ ሳልፍ የተልባ ዘይት ሽታ አስቆመኝ። አንድ ስዊድናዊ ሽማግሌ ያደሷቸውን አሮጌ ወንበሮች ደርድረው ይሸጣሉ። ቀረብ ብዬ አንዱን ወንበር ዳሰስኩ።

አባቴም እንዲህ ይሸጥ ነበር። ሻርሆልመን ሰፈር ከምንኖርበት ሕንፃ የቆሻሻ ክፍል ሰው የጣለውን ወንበር ያወጣና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ የተልባ ዘይት ይቀባዋል። «እንጨቱ እኮ ምንም አልሆነም፤ የጣለው ሰው ቸኩሎ ነው» ይለኛል። ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው፤ ከእኔ ጋር ከአማርኛ በቀር አይናገርም። በስዊድንኛ ስመልስለት እንዳልሰማ ይሆናል።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ አብሬው ገበያ ወጣሁ። ከወንበሮቹ አጠገብ ቆሜ ሳለ የክፍሌ ልጆች መጡ።

«አባትሽ ነው?» አለችኝ አንዷ።

ወንበሮቹ ከየት እንደተለቀሙ አውቃለሁ። ፊቴ ጋለ። «አይደለም፤ አላውቀውም። ዕቃ እያየሁ ነው» አልኳት።

አባቴ ሰምቷል። የሚወለውልበትን ጨርቅ አስቀምጦ ቀና አለና፣ ለማንኛዋም ገዢ እንደሚለው በስዊድንኛ «ምን ልርዳሽ?» አለኝ። በዚያ ቋንቋ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነበር።

«እያየሁ ነው፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ከልጆቹ ጋር ሄድኩ።

ማታ ከአባቴ ጋር በባቡር ወደ ቤት ስንመለስ በአማርኛ «ራበሽ?» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

የሶደርማልሙ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ልርዳሽ?» አሉኝ በስዊድንኛ።

ይህን ሁሉ ዓመት ሌላ መልስ ሳዘጋጅ ኖሬ፣ ከአፌ የወጣው ያው ነበር።

«እያየሁ ነው፣ አመሰግናለሁ።»