የሁለቱ መኪኖች ሠንጠረዥ

ይህ ነገር የደረሰው በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አናዶኝ ረስቼዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ውስጥ ራሴም አለሁበት። ሰው በሌላ ሰው ሲናደድ ውሎ አድሮ ይበርድለታል። በሌላውም በራሱም አንድ ላይ ሲናደድ ግን ማብረጃው ይቸግራል።

መጀመሪያ መኪኖቹን ላስተዋውቅ። በዚያ ጊዜ በከተማችን ሁለት የሽቅድምድም መኪኖች ነበሩ። ሁለቱም የጣሊያን ሥሪት፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ ሁለት ሁለት ወንበር ብቻ ያላቸው፣ ቁመታቸው ዝቅ፣ ኮፈናቸው ረዘም ያለ። አንደኛዋ ቀይ ናት፤ ሁለተኛዋ ነጭ። ከጭነት መኪናና ከጋሪ መካከል ብቅ ሲሉ ልጅ አዋቂው ቆሞ ያያቸው ነበር።

ቀይዋ ከአንድ ነጋዴ ተወርሳ ለአንድ መሥሪያ ቤት የተሰጠች ናት። የሚነዳት ታደገ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሹፌር ነበር። ነጯ የጋሽ ጀማል ነበረች። ጋሽ ጀማል በሐይቁ ዳር ጀልባ ከሚሠሩ ሙስሊም ቤተሰቦች የተወለደ መካኒክ ነው። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ተቀጠረ። ጣሊያኑ ወደ አገሩ ሲመለስ የተገለበጠች፣ ወለሏ ዝጎ ያለቀ መኪና ሰጥቶት ሄደ። ጋሽ ጀማል አራት ዓመት ሙሉ ሠራት። ለወለሏ ላሜራ ሲያጣ እንደ አባቱ ጀልባ በዋንዛ ሳንቃ ሠራው፤ በየስንጥቁ ጥጥና ቅጥራን ጠቀጠቀበት። ዝናብ በነካት ቁጥር ሳንቃውን ዘይት ያጠጣው ነበር።

"የእኔ ዲፕሎማ ይቺ ናት" ይለኝ ነበር። "እናንተ ወረቀታችሁን ግድግዳ ላይ ትሰቅላላችሁ፤ እኔ የእኔን በር ላይ አቆማታለሁ።"

ቀልዱን አልነበረም። የራሱን ጋራዥ ለመክፈት የፈቃድ ማመልከቻ አስገብቷል። "ትምህርትህ ስንት ነው?" ሲሉት የሚያሳያቸው እሷን ነበር። ከቆላ ድባ እህል ጭነው የሚመጡ ሹፌሮች ሳይቀሩ ሥራ የሚሰጡት ነጯን አይተው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግሽ አባይ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከሁለቱ የትኛዋ ትበልጣለች?

"ጀሜ፣ የአንተ እኮ መኪና አይደለችም፤ ታንኳ ናት" ይላል ታደገ። "ጎማዋን አውልቀህ ሐይቁ ላይ ልቀቃት፤ ዘጌ ታደርስሃለች።"

"የአንተን ደግሞ በቅሎ ብትስባት ይሻላል" ይላል ጋሽ ጀማል። "ሲጋራህን ለኩሰህ እስክትጨርስ ሞተሯ አይነሣም።"

ሦስት ቅዳሜ ሰማሁ። በአራተኛው አልቻልሁም። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሊለካ የሚችል ነገር በአፍ ሲበጠር ያመኛል። "ወንድሞቼ፣ ለምን አንለካም?" አልኋቸው።

"መምህሩ ፈተና ሊያወጣ ነው!" አለ ታደገ። ሁሉም ሣቁ። ግን ተስማሙ።

ትምህርት በሌለበት አንድ ማለዳ ሁለቱ መኪኖች በሐይቁ ዳር፣ ዘንባባ በተተከለበት አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ከስፖርት አስተማሪው የሩጫ ሰዓት ተዋስሁ። መነሻውንና መድረሻውን በኖራ አሰመርሁ። ነዳጅ በኩፖን ስለነበር በእያንዳንዷ ውስጥ በቢራ ጠርሙስ የተለካ ቤንዚን ጨመርን። ሁለቱም ቀጥታውን መንገድ ሦስት ሦስት ጊዜ ሮጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነጯ ቀደመች። ፍሬንም ስንፈትን ቀይዋ ከኖራው መስመር ብዙ አልፋ ቆመች።

ከዚያ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ወዳለው ኮረኮንች ወጣን። በየተራ በሁለቱም ተሳፈርሁ። ቀይዋ ኃይል አላት፤ ግን ጉልበቷን ሁሉ በጩኸት ትጨርሰዋለች። ማርሽ ሲቀየር ጥርስ ታፋጫለች። ኩርባ ላይ ኋላዋ ለብቻው መሄድ ያምረዋል፤ ታደገ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ ላቡ ጠብ እያለ ይመልሳታል። ነጯ ግን ኩርባውን ቀድማ የምታውቀው ትመስላለች። ጠጠሩ ከሥር ሲንኳኳ ይሰማል፤ አካሏ ግን አይርገፈገፍም። መሪዋ በሁለት ጣት ይዞራል።

መንገዱ ጭር ሲል ጋሽ ጀማል አቆመና ወረደ። "ና፣ አንተ ያዛት" አለኝ።

"መንጃ ፈቃድ የለኝም።"

"እኔም ዲፕሎማ የለኝም። ያዛት! ፍሪሲዮኑን እንቁላል ላይ እንደቆምህ አድርገህ ልቀቀው።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የነዳሁት ያን ዕለት ነው። ምናልባት አንድ ኪሎ ሜትር ብሄድ ነው። ጋሽ ጀማል ከጎኔ ተቀምጦ መንገዱን ትቶ ፊቴን ያይ ነበር። ልጁን ሰው ሲያቅፍለት እንደሚያይ አባት ነበር የሚያየኝ።

ያን ቀን ማታ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በሰፊ ወረቀት ላይ በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመርሁ፤ ፍጥነት፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ነዳጅ፣ ዋጋ። ከሥሩም ነጯ ለምን እንደበለጠች አብራራሁ። የሁለቱ ሞተር ጉልበት እኩል ነው፤ የነጯ ወለል ግን እንጨት ስለሆነ ትቀላለች። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጤፍ፣ አንዱ ጭድ ተሸክመው ቢሮጡ ማን ይቀድማል? ይህን ምሳሌ በጣም ወድጄው ነበር።

"ዋጋ" ከሚለው ሥር የጻፍሁት ይህን ነው፦ "ሁለቱ መኪኖች አንድ ዓይነትና የአንድ ዘመን ሥሪት ስለሆኑ ዋጋቸው እኩል ነው።"

የጋሽ ጀማል የአራት ዓመት ሥራስ? አልዘነጋሁትም። እውነቱን ልናገር፤ ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ወረቀቱ ሞልቷል። ስድስተኛ ዓምድ ብጨምር ጠርዙ ይጠብና ሠንጠረዡ ይበላሽብኝ ነበር። ስለዚህ ተውሁት። ስሜን ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤ በማግስቱ በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጠፍሁት።

የግድግዳ ጋዜጣው በየሳምንቱ ተማሪውም መምህሩም የጻፈው የሚለጠፍበት ሰሌዳ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው የለም። የእኔን ግን ተማሪው እየተጋፋ አነበበው። ሻይ ቤቱ ውስጥም ታደገ ሽንፈቱን ተቀብሎ ለሁላችንም ሻይ ጋበዘ። "ከታንኳ ተሸነፍሁ" እያለ ራሱ ያስቀን ነበር።

በሳምንቱ የታደገ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለስብሰባ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። በዚያ ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ አንተ ብዬዋለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆመ። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን አስነቅሎ ይዞት ሄደ። እኔ ምን ተሰማኝ? ኩራት! "ሥራዬ ለቁም ነገር ተፈለገ" ብዬ ደረቴን ነፍቼ ክፍል ገባሁ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጋሽ ጀማል በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ታደገ ቀይዋን ይዞ መጥቷል። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሚሊሻዎች ቆመዋል። ታደገ የወትሮው ታደገ አልነበረም፤ ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

ጋሽ ጀማል አንድ ደብዳቤ ዘረጋልኝ። "መምህር፣ እስቲ አንብብልኝ። የገባኝ ማኅተሙ ብቻ ነው።"

ጮክ ብዬ አነበብሁ። ጉዳዩ ተሽከርካሪ ስለመለዋወጥ ይላል። "በመምህሩ በተደረገው ሳይንሳዊ ጥናት ነጭ ቀለም ያላት ተሽከርካሪ ለመስክ ሥራ የተሻለች መሆኗ ስለታወቀ፣ ሁለቱ ተሽከርካሪዎችም በዋጋ እኩል መሆናቸው ስለተረጋገጠ፣ ልውውጡ በግለሰቡ ላይ ምንም ጉዳት አያስከትልም።"

የሽቅድምድም መኪና ለመስክ ሥራ! ግን እኔን ያስደነገጠኝ እሱ አይደለም። "በዋጋ እኩል" የሚለው ነው።

"ማነው እኩል ናቸው ያለው?" አለ ጋሽ ጀማል።

"እኔ ነኝ።"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ዘይት ያልነካውን ጣቱን ሳይቀር ደጋግሞ ጠረገ። "እንግዲህ አንተ የተማርኸው ካልህ እኩል ናቸው" አለ። ስድብ ቢሆን በተሻለኝ።

ከዚያ ቁልፉን አውጥቶ ለታደገ ሰጠው። "ዝናብ ካገኛት ወለሏን ዘይት አጠጣት። ውኃ እንዳይተኛባት" አለው።

"እሺ፣ ጀሜ" አለ ታደገ። ሚሊሻዎቹን አየና ቁልፉን ይዞ ወደ ነጯ ሄደ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ጓድ ኃላፊ፣ ስሕተት ተፈጥሯል" አልሁ። "ዋጋ ብዬ የጻፍሁት የፋብሪካውን ነው። ሰውዬው አራት ዓመት የለፋበት አልተቆጠረም። ቀይዋ በቅጡ እንኳ አትነሣም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ።"

"ጽሑፉ ያንተ ነው?"

"አዎ።"

"ፊርማውስ?"

"የእኔ ነው።"

"ታዲያ ራስህን ልትከስ ነው የመጣኸው?" ብሎ ሣቀ። ሣቁን ሲጨርስ ወረቀቱን በመዳፉ ዳበሰው። "በጣም ንጹሕ ሥራ ነው። ሌሎቹን መኪኖቻችንንም ትለካልናለህ።"

ያን ጊዜ ከዚያ በላይ መናገር ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ተሰናብቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስንት መልስ አዘጋጅቻለሁ! መንገድ ስሄድ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ለዚያ ሰው መልስ እሰጣለሁ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን አንዱንም አላልሁትም።

የጋሽ ጀማል ማመልከቻም በዚያው ቀረ። "ሙያህን አሳይ" ሲሉት በሩ ላይ የምታስል ቀይ መኪና ብቻ ነበረች። አባቱ ጀልባ ከሚሠሩበት አጥር ጥግ ተጠልሎ ብስክሌትና የውኃ ፓምፕ መጠገን ጀመረ።

ነጯም ለማንም አልሆነች። ክረምት ገባ፤ ሜዳ ላይ አሳደሯት፤ በቧንቧ ውኃ ከውስጥ ከውጭ አጠቧት። ታደገ "ዘይት ይግዛልኝ" ብሎ ሁለት ጊዜ አመለከተ፤ ለመኪና ወለል ዘይት የሚባል የበጀት ርእስ የለም አሉት። ጥቅምት ላይ የኃላፊው እግር ከነጫማው ሳንቃውን ሰብሮ መሬት ረገጠ። ታደገ ይህን ሻይ ቤት ውስጥ እየተነሣ በእግሩ ሲያሳይ ሰው በሣቅ ሞተ። እኔ ሣቁ አልመጣልኝም። ነጯ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ተጣለች፤ በቀጣዩ ዓመት ሣር በመስኮቷ ወጣ። ኃላፊው ተዛውሮ ሄደ።

ከጋሽ ጀማል ጋር ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ግን ዐይን ለዐይን መተያየት ከብዶኝ ነበር። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠራኝ። ቀይዋ ከጀልባ እንጨቶቹ መካከል ቆማለች። ግን ቀይ አልነበረችም። በብሩሽ የጭቃ መልክ ያለው ቀለም ተለቅልቃለች። የፊት መከላከያዋ እንደተጣመመ ነው። በሯ በሽቦ ታስሯል። ያ ነጯን እንደ መስታወት ያበራት የነበረ እጅ ይህን መሥራቱን ሳይ ልቤ ተቃጠለ።

"ግባ" አለኝ።

ድልድዩን እስክንሻገር ቀስ ብሎ እያስነጠሳት ሄደ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ነዳጅ ሰጣት።

ወገኖቼ፣ ያቺ መኪና በረረች። ማርሹ ሲገባ ድምፅ የለውም። ያ የማልረሳው ኩርባ ላይ ስንደርስ ታደገ ያላበበትን መሪ ጋሽ ጀማል በሁለት ጣት አዞረው። ሰዓት አልያዝሁም፤ አያስፈልገኝም ነበር። ከነጯ ትበልጥ ነበር፤ ያውም በብዙ።

ከተማው ሲቀርብ ፍጥነቷን ቀነሰ። እንደገና ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ አስነጠሳት። ያኔ ወደ እኔ ዞሮ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

"መምህር፣ ይቺን አትጻፋት" አለኝ።

እስከ ዛሬ አልጻፍኋትም። ጋሽ ጀማል አሁን በሕይወት የለም፤ መኪናዋም የለችም፤ የሚወስዳትም የለም። ይህን ታሪክ የነገርኋቸው ሰዎች መጨረሻው ላይ ይሥቃሉ። "ብልህ ሰው ነበር" ይላሉ። ብልህ ነበር። እኔ ግን አሁንም እናደዳለሁ። ባለሙያ ሰው በገዛ እጁ ያማረ ሥራውን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ጭቃ ቀብቶ እንዲደብቅ ያደረገውን ሰው አሁንም ይቅር አላልሁትም። ለዚያ ሰው ማስረጃ ማን አቀበለው ቢባል ግን መልሱ እዚያ ወረቀት ላይ አለ፤ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ መስመሩ ሳይጣመም፣ ከነፊርማዬ።