ወድቆ ማለፍ

መውደቅ አልወድም። ማንስ ይወዳል? በተለይ እንደኔ ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ለዓመታት «ማስተር! ማስተር!» እየተባለ ቴኳንዶ ያስተማረ ሰው እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም እንጂ እንዴት እንደሚዘረር አስቦ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች አሠለጥናለሁ። ከዚያ አዳራሽ ሌላ ቦታ የለንም፤ ውጭ እንዳንሠራ የጋምቤላ ፀሐይ አናት ይበሳል።

ታዲያ አንድ ቀን ከበላይ አንድ መመሪያ መጣ። አዳራሹን ለስብሰባም ለሠርግም የሚፈልገው ስለበዛ ከእንግዲህ የሚፈቀደው የአይኪዶ ሴሚናር ወስዶ ምስክር ወረቀት ላገኘ አሠልጣኝ ብቻ ነው ተባለ። ኧረ የምን አይኪዶ? የጃፓኖች የትግል ስልት መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ሲሠራ ግን አይቼ አላውቅም። አንዱ ተካፋይማ የኮምፒውተር ሥልጠና መስሎት ላፕቶፑን አንግቶ መጣ። አበል አለ ስለተባለ እሱም አልተመለሰም።

አሠልጣኟ የመጡት ከአዲስ አበባ ነው። ሃምሳን የዘለሉ፣ ከደረቴ የማይበልጡ ሴትዮ ናቸው። የለበሱት ነገር ከስፋቱ የተነሳ ቀሚስ ነው ሱሪ ነው እያልን ስንከራከር ረፈደ። ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ ስላልተገኘ ከተማሪዎች ማደሪያ የስፖንጅ ፍራሽ ተሰብስቦ ተደርድሯል። ፍራሽና የጋምቤላ ሙቀት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ከምሳ በኋላ ግማሹ ሠልጣኝ እንቅልፉን ለጠጠ።

ሴትዮዋ መሀል ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «እዚህ መምታት የለም፣ መርገጥም የለም። የምትማሩት መጣልና መውደቅ ነው፤ ፈተናውም እሱው ነው። በሥርዓት የወደቀ ያልፋል። አልወድቅም ያለ ይወድቃል።»

እርስ በርስ ተያየን። ከአቦቦ የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ እጁን አወጣ። «ይቅርታ እትዬ፣ እኛ ጤና ጣቢያ ወድቆ ያለፈ ሰው ሲገጥመን ቤተሰብ ነው የምንጠራው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም።

ጥንድ ጥንድ ሆነን ስንከፈል ለኔ የደረሰኝ ከኢታንግ የመጣ የፖሊስ ሳጅን ነው። በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው። ልጁ ኒውላንድ አያቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ የኔው ተማሪ ናት። ሳጅኑ ወረቀቱን ካገኘ ኢታንግ ላሉት ባልደረቦቹ አሠልጣኝ እንዲሆን ታጭቷል። መጀመሪያ የመውደቅ ተራው ሲደርስ ቁልቁል ፍራሹን አይቶ «ማስተር፣ እኔ ስወድቅ መንገዱ ሩቅ ነው» አለኝ። ደግሞ እንዴት እንደወደቀ! ተጠቅልሎ፣ ተንከባሎ፣ ብድግ።

የኔ ነገር ግን አልሆን አለ። ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው እጄን ያዙ። «እሺ በል። አትታገለኝ።»

«እሺ» አልኩ። አፌ እሺ ይበል እንጂ እግሬ መሬቱን ነክሶ ያዘ። ጠመዘዙኝ፣ ቆምኩ። ጎተቱኝ፣ ቆምኩ።

«ምነው ልጄ፣ ዛፍ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ደጋግሜ መውደቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ምን ነካህ?» አለችኝ። «ፈተና አለብኝ፣ እያጠናሁ ነው» አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ተመለሰች።

የፈተናው ቀን የማሠለጥናቸው ልጆች መስኮቱን ሞልተውታል። የሳጅኑ ልጅ ከፊት ናት። ሕጉ እያንዳንዱ አንዴ ይጥላል፣ አንዴ ይወድቃል ነው። እኔ ሳጅኑን ጣልኩት፤ አምሮ ወደቀ። ተራው የሱ ሆነ። እጄን ያዘ፣ ወደ መስኮቱ ቀና አለና እጄን ለቀቀ።

«ጣለኝ እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ልጄ እያየች ነው።»

«ትይ! ምን ቸገረህ?»

«አስተማሪዋን በፊቷ አልጥልም። እኛ ጋ ነውር ነው።»

«እኛም ጋ ነውር ነው! ግን ጣለኝ!»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔው ራሴ እጄን አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። እሱ በሁለት እጁ፣ በአክብሮት፣ መለሰልኝ። «በእናትህ! በሞቴ ጣለኝ!» ስል ድምፄ አምልጦኝ ኖሮ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሴትዮዋ «በሉ ጨርሱ!» ብለው ሰዓታቸውን አዩ።

ወረቀቱ ቀርቶብኝ፣ አዳራሹን ሠርገኛ ሞልቶት፣ ልጆቼ ደጅ ላይ ቆመው ታየኝ። ከዚያ ማንም ሳይነካኝ «ኧረ ወደቅኩ!» ብዬ ጮህኩና ራሴን ወረወርኩት። ሁለት ፍራሾች ግራና ቀኝ ተንሸራተቱ፣ መሀላቸው ያለውን ሲሚንቶ በመቀመጫዬ አገኘሁት። እንደምንም ተንከባልዬ ተነሳሁ፣ እጅ ነሳሁ። መስኮቱ ላይ ያሉት ልጆች «ማስተር ወደቀ!» እያሉ ቀወጡት።

«ያለ ጣይ የወደቀ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አሉ ሴትዮዋ። «አወዳደቅህ ግን ልክ ነው። አልፈሃል።» ወደ ሳጅኑ ዞሩ። «አንተ አልጣልክም። አላለፍክም።»

ደሜ ፈላ፤ በሳቸው አይደለም፣ በሱ ነው። ደጅ ማንጎው ሥር ጫማውን ሲያስር አገኘሁትና ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? እኔ መውደቄ ካልቀረ ጥለኸኝ አታልፍም ነበር? ልጅቷ እንደሆነ አይታኛለች!»

«አይታለች» አለ ቀና ሳይል። «'ማስተር ወደቀ' ትላለች። 'አባቴ ጣለው' ግን አትልም።» ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገና ተነሳ። «እኔ ኢታንግ ነኝ፣ ማስተር። እዚህ አንተን ካልሰማች ማንን ትሰማልኛለች?»

ምስክር ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ እንደ ሠልጣኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት።