ከጓደኛዬ ሥራ የተወሰደ ምሳሌ

ፓስተራችን ፒዩሪታን የሚባሉትን የድሮ እንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ነፍሱን እስኪስት ይወድ ነበር። እዚሁ አሜሪካ ባይብል ኮሌጅ ሲማር ነው ያነበባቸው። "እነዚያ ሰዎች ምሳሌ ፍለጋ ሰማይ አይቧጥጡም፤ ከመጥረጊያው፣ ከምድጃው፣ ከአናጢው መጋዝ ነው የሚያነሱት" ይለን ነበር። እኔማ ተረት ወዳድ ነኝ፤ ምሳሌ ሲጀምር ጆሮዬን አቆማለሁ።

ኦሎምፒኩ እዚህ ከተማችን ተደርጎ ካለፈ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጓደኛዬ የሚደበድባትን ባሏን ፈታች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች "ታርቀሽ ግቢ" ሲሏት እምቢ ስላለች ከጌታ እራት አገዷት። ቻምብሊ በሚባለው ሰፈር ለአምልኮ በተከራየነው አዳራሽ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የእራቱ ትሪ ሲዞር አንገቷን ትደፋለች። እዚህ አገር ከእኛ ሌላ ሰው አልነበራትም።

አንድ ቀን ፓስተሩ ዲኬተር ሰፈር የምትሠራበት ድራይ ክሊነር፣ ልብስ ማጽጃ ቤቱ ድረስ ሄደ። ወዲያው ደወለችልኝ።

"ስለ ፍቺው አንዲት ቃል አላነሱም። ሥራዬን ነው የጠየቁኝ፤ እድፍ እንዴት እንደሚለቅ፣ አልለቅ ሲል ምን እንደምናደርግ። ሁሉንም አሳየኋቸው። ወደ እራቱ ሊመልሱኝ ነው መሰለኝ።"

"ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት?"

"ኮት ይዘው ነበር። በነፃ አጸዳሁላቸው።"

"እንግዲህ ባትመለሺም ኮቱ ንጹሕ ነው" አልኳት፤ ሳቅን።

እሁድ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ፓስተሩም ያንን ኮት ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ።

"አንድ ሸሚዝ ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ በእንፋሎት ተመትቶ እድፉ አልለቅ ካለ ባለሙያዎቹ ምን ያደርጋሉ? 'ይቅርታ፣ ይህ አይለቅም' የሚል ወረቀት ይሰኩበትና ይመልሱታል። ወረቀቱን ተሸክሞ በመካከላችን የተቀመጠ ሰው አለ።"

ሕዝቡ አሜን አለ። ስም አልጠራም። የት እንደምትሠራ ግን የማያውቅ አልነበረም፤ ከኋላችን አንዲት እናት ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

የጽዋው ትሪ መጣ። ረድፉ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው እሷ ስለሆነች አስተናጋጁ ትሪውን አስያዛትና፣ "አንቺ አሳልፊው" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። ከትንንሾቹ ብርጭቆዎች አንዱንም ሳታነሳ ወደ እኔ አሳለፈችው።

ስንወጣ ፓስተሩ በር ላይ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

"እህቴ፣ ተባረኪ። ምሳሌውን ያገኘሁት ካንቺ ነው። ጥሩ ምሳሌ ማለት ሰሚውን ሰኞ ሥራው ቦታ ቆሞ የሚጠብቀው ነው።"

"ሰኞ ዕረፍቴ ነው፣ ፓስተር።"

ፈገግ አለ። እጇን ግን አልለቀቀም።

"እንግዲያው ማክሰኞ ይጠብቅሻል።"