ከዝርዝሩ ያወጣሁት ዘፈን

ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ባለው ሙዚቃ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙላት የጆሮ ማዳመጫ ሰጡኝና «ዛሬ አታወሪም፤ ትሰሚያለሽ» አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ዘፈን ሰማሁ። ሲጠይቁኝ ሁሉም ጥሩ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው አልሰማሽም» ብለው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ደንበኛው ሚሞሪውን ያመጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንሰካለን፣ የፈለገውን እንጭንለታለን። ከባዱ «አዲስ ነገር ጫኝልኝ» የሚለው ነው። ከጉና ተራራ ለገበያ የወረደ ገበሬና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ የሚሉት አንድ አይደለም። ስለዚህ የወጣውን ሁሉ ሦስት ጊዜ እሰማ ነበር፤ አንዴ በማዳመጫ፣ አንዴ በር ላይ ባለው ስፒከር፣ አንዴ ባጃጅ ውስጥ። በማዳመጫ ያማረ ዘፈን ባጃጅ ውስጥ ድራሹ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

የወደድኩትን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጳጉሜን ስትገባ ከደብተሩ ሃያ መርጬ «የዓመቱ ሃያ» የሚል ፎልደር አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ ለራሴ ነበር። ኋላ የሚኒባስ ሾፌሮች ለመዱትና ከነሐሴ ጀምረው «ደረሰ ወይ?» ይሉኝ ጀመር። አንድ ዓመት ከተማው ሁሉ የሚጨፍርበትን ዘፈን ስተወው ጋሽ ሙላት ተቆጡ።

«ሰው የወደደውን ለምን ታስቀሪያለሽ?»

«ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ሰለቸኝ።»

«በቃ ይቅር» አሉ።

በአምስተኛው ዓመቴ አንድ የአንበሳሜ መስመር ሾፌር ስልክ ውስጥ ስም የሌለው ቅጂ አገኘሁ። አንዲት ሴት ያለ መሣሪያ ትዘፍናለች፤ ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ በር እንደሚቆለፍባት፣ እጇ በፈላ ዘይት እንደተቃጠለ፣ ለእናቷ ስትደውል ግን ደህና ነኝ እንደምትል ነው የምትዘፍነው። አሥር ጊዜ ሰማሁት።

«የማን ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«እንጃ፤ ከሰው ስልክ የመጣ ነው።»

ጋሽ ሙላትም ያንኑ ጠየቁኝ። «መጀመሪያ የዘፈኑ ባለቤት ትታወቅ» አሉ። ጳጉሜን ሦስት ነበር፤ መታገሥ አልቻልኩም። አንደኛ ላይ አስቀመጥኩት።

በጥቅምት አንዲት ሴት ሱቅ ገባች። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«አንደኛ ያደረግሽው የኔን ድምፅ ነው» አለች።

ትርንጎ ትባላለች። ከዐረብ አገር ተመልሳ አንበሳሜ ልብስ ትሰፋለች። ዘፈኑን እዚያ ሳለች ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነበር የላከችው።

«እናቴ ሚኒባስ ውስጥ ሰማችው። ድምፄን ለይታ መንገድ ላይ ወረደችና በእግሯ እኔ ጋ መጣች። ከዚያ ወዲህ እጄን እያየች ታለቅሳለች።»

«ወድጄው ነው» አልኳት።

«ጠልተሽዋል መቼ አልኩሽ?»

ዓይኗ እያየ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ዳግም ለማንም እንደማልሰጥ ቃል ገባሁላት። መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ለመንኩ። አብዛኞቹ አጠፉ፤ የቀሩት አጥፍተናል አሉኝ። የራሴ ስልክ ላይ ያለውን ግን እኔም አላጠፋሁም። አልጨከንኩም።

በኅዳር እናቷ መጡ።

«ልጄ፣ የትርንጎን ዘፈን ጫኝልኝ። መሀል ላይ ወርጄ መጨረሻውን አልሰማሁትም» አሉ፣ ስልካቸውን እየዘረጉልኝ።

ዘፈኑ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«እናቴ፣ ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ። እሷን ይጠይቋት።»

«ጠየቅኋት፤ እምቢ አለችኝ።»

«እምቢ ካለችም ዘፈኑ የራሷ ነው።»

ስልካቸውን በመሀረባቸው ቋጥረው ወጡ። በጣም ከፋኝ። እሳቸውን ከልክዬ እኔ ማስቀመጤ አሳፈረኝና ያኔውኑ ከስልኬ አጠፋሁት።

ጥር ላይ ትርንጎ ለዘመድ ሠርግ ዘፈን ልታስጭን መጣች። ፍላሹን ስሰካ «እናቴ መጥታ ነበር አይደል?» አለች።

«አልሰጠኋቸውም።»

«ነግራኛለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዘፈንኩላት፣ እስከ መጨረሻው።»

የሠርጉን ዘፈኖች ጫንኩላት።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሚገቡ የምለው ይህ ነው። ዘፈን መምረጥና ዘፈን ለሰው መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ባለቤቱ ለሕዝብ ያላወጣውን ዘፈን፣ የቱንም ያህል ብትወዱት፣ ሳትጠይቁ አታውጡት።