የእህቴ ባል ሞተር የፊት እግር

የእህቴ ባል ባለአራት ጎማ ሞተር የገዛው ለአደን ነው፤ ማለቴ፣ አደን ይሄዳል እንዲባል። የመሥሪያ ቤቱ ኖርዌጂያኖች በመከር ጫካ ሲገቡ አብሯቸው ይገባል። የአደን ጃኬት አለው፣ ቀበቶው ላይ የሚንጠለጠል ቢላ አለው። አንዲት ወፍ እንኳ ገድሎ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ደወለልኝ። "መሪው ወደ ቀኝ ይስባል። ጎማው ንፋስ ሳይፈልግ አይቀርም፤ እስቲ ብቅ በል።" አገር ቤት ሳለሁ ጋራዥ ሠርቼ ስለነበር ያለ ደመወዝ መካኒኩ ነኝ።

ስቶቭነር የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ስደርስ ጃኬቱን ለብሶ ደጅ ቆሟል። ሞተሩን በክሪክ አነሳሁና የቀኙን የፊት ጎማ ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩት። ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ። ጎማውን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው ቴስቲኒ አልቋል፤ ላስቲኩ ተቀዶ ውስጡ ጭቃ ሞልቷል። የግራውም ያው ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ የንፋስ ነገር አይደለም። ሁለቱም መቀየር አለባቸው" አልኩት።

"ኔይ" አለኝ በኖርዌጅኛ፣ አይ ለማለት፤ "ግራው ደህና ነው። ስገዛውም እንደዚህ ነበር።"

"ሲገዙትም አልቆ ነበራ!"

ዕቃውን ገዝተን ተመለስን። አሮጌዎቹ ዝገው ተጣብቀዋል። እኔ ተንበርክኬ ስቀጠቅጥ እሱ በስልኩ እየቀረጸ ለአደን ጓደኞቹ በኖርዌጅኛ ያብራራል፤ "አሁን እየቀየርን ነው" ይላል። አንዴ መዶሻውን ተቀበለኝና አውራ ጣቱን መትቶ ቤት ገባ። ሲመለስ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሏል። መጀመሪያ የቀረጸው ፋሻውን ነው።

የመጨረሻውን ዳዶ አጥብቄ ስነሳ እህቴ መሀል ከተማ፣ ቢየርቪካ፣ ቢሮ ስታጸዳ ውላ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። እሱ ሞተሩን እያስጓራ በቤቶቹ መሀል ይዞራል። አንዲት ኖርዌጂያን አሮጊት ጎረቤት ወጥተው እዚህ መንዳት ክልክል ነው አሉት። ወርዶ እጅ ሊነሳ ምንም አልቀረው፤ በለሰለሰ ድምፅ ይቅርታ ላይ ይቅርታ ደረደረላቸው። ሴትየዋ እንደገቡ ወደ እህቴ ዞረ።

"አንቺ! ምን ይገትርሻል? የጋራዡን በር ክፈቺ እንጂ!"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቤ እየናቅሁት እስቅ ነበር።

"እጅ አለህ፣ ራስህ ክፈተው!" አልኩት። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው አንተ አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሄዶ በሩን ከፈተ።

እህቴ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘችኝ።

"ምን ነካህ?" አለችኝ።

"እንዴት እንደተናገረሽ አልሰማሽም?"

"ሰማሁ። አንተ ባቡርህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ አኩርፎ የሚከርመው እኔ ላይ ነው።"

እንዳለችውም አኩርፎባት ከረመ። ለእኔማ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አልደወለልኝም። ሞተሩ አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ ራሱ እንደጠገነው ለሰዎች ሲያወራ ደረስኩበት፤ እነሱም "ጎበዝ!" ይሉታል። እኔ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አየኝ፤ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አደረገና ወሬውን ቀጠለ።